በዓይኔ አይቻለሁ

መስመሩ ተነሣ። ከወዲያ በኩል አንድ ሰው፣ ወይም አንድ ነገር፣ ስልኩን ከፈተና ዝም አለ።

«ሄሎ» አለች ኦፕሬተሯ። «ከአካውንት ማረጋገጫ ክፍል ነው የምደውለው። ስክሪንዎ ላይ የሚታዩትን አራት ቁጥሮች ጮክ ብለው ያንብቡልኝ።»

መልስ የለም። ማዳመጫውን በመዳፏ ጆሮዋ ላይ ጫን አደረገችው። ከዝምታው ኋላ የሆነ ነገር ነበር፤ ደረቅ እንጨት ላይ ሄድ መለስ የሚል መላጊያ የመሰለ ፍቅፈቃ። ቀጥሎ ቅርብ የሆነ ትንፋሽ ተሰማትና ስልኩ ጆሮዋ ላይ ተዘጋ። ሦስተኛው ጥሪ ነበር። ደንቡ ደግሞ ሦስት ጊዜ ተደውሎለት ድምፁን ያላሰማ አካውንት ሰው አይደለም ይላል። «ማሽን» የሚለውን ቀይ ቁልፍ ተጫነችና ወደሚቀጥለው ቁጥር ተሻገረች።

እዚህ ቢሮ ውስጥ በስሟ የሚጠራት የለም። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ በስልክ ማዞሪያ ተቀምጣ ሰውን ከሰው ስታገናኝ የኖረች ሴት ናት። ማዞሪያው በኮምፒውተር ተተክቶ ጓደኞቿ ወደየቤታቸው ሲበተኑ እሷ የሥራ ስሟን እንደ ኒሻን ይዛው ወጣች። ኦፕሬተሯ። ወደዚህ አራተኛ ፎቅ ከመጣች አራት ዓመቷ ነው። የሥራው ነገር ለማስረዳት አያስቸግርም። በማኅበራዊ ሚዲያ ላይ ሰው መስለው የሚያሞግሱ፣ የሚሳደቡ፣ የሚያስፈራሩ ፕሮግራሞች በየቀኑ በሺህ እየተፈለፈሉ ይለቀቃሉ፤ ቦት ይሏቸዋል። ሲስተሙ የጠረጠረውን አካውንት ለይቶ ይልካል፤ እዚህ ደግሞ ሰው ደውሎ ያጣራል።

ወጣቶቹ ስክሪን ላይ ተደፍተው የሚጨነቁበትን እሷ ዓይኗን ጨፍና ትለየዋለች። ተቀድቶ የሚለቀቅ ድምፅ ከሁለተኛው ቃል አያልፍባትም። ሰው «አቤት» ሲል ከእንቅልፉ ተነሥቶ ይሁን ከጸብ መኻል ወጥቶ፣ ትነግርሃለች። በአራት ዓመት ውስጥ ውሳኔዋ አንድም ቀን ተሽሮ አያውቅም፤ ይህንንም አዲስ ሠራተኛ በመጣ ቁጥር አፏን ሞልታ ትናገረዋለች። ጉራ ነው የሚላት ግን አልነበረም።

ያን ሰሞን የያዘችው ፋይል ሁለት መቶ አሥራ አራት አካውንቶች ነበሩበት። ሁሉም በሁለት ቅዳሜ ውስጥ፣ በአንድ የኢንተርኔት መስመር የተከፈቱ ናቸው። ሁሉም የሚጽፉት ስለ አንድ ጉዳይ ነው፤ የከተማው የትምህርት ቦርድ ሕንጻውን ለሌላ ሥራ ፈልጎት ሊዘጋው ስላሰበው ስለ ሁለተኛው የሙያ ማሠልጠኛ። ቦርዱ የነዋሪውን አስተያየት በፔጁ ላይ ጠይቋል፤ የሚቆጠረው ግን ሰው መሆኑ የተረጋገጠ ብቻ ነው። ውሳኔው ነገ አሥር ሰዓት ላይ ይሰጣል። የሁለት መቶ አሥራ አራቱ አጻጻፍ ደግሞ አንድ እጅ የሰባበረው ይመስል ነበር። «እኔ እዚያ ሥራ ተማረ። አሁን ልጅ ሦስት አለ። መዝጋት ለምን?» ይላል አንዱ። «ልብስ እኔ ሰፋ፣ ሰው ለበሰ፣ ቆንጆ። ትምህርት ቤት አመሰግናለሁ» ትላለች ሌላዋ። ሲስተሙ ግርጌው ላይ፣ የትርጉም ማሽን ውጤት ሳይሆን አይቀርም የሚል ማስታወሻ ጽፎበታል። ደውላ ስታጣራም ያው ዝምታ። ከመካከላቸው መቶ ሠላሳ አንዱን በገዛ እጇ «ማሽን» ብላ ዘግታቸዋለች።

በማግሥቱ ጠዋት ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ የእንግዳ መቀበያዋ ልጅ ደወለችላት።

«እትዬ፣ ሁለት ሰዎች መጥተዋል። እናትየው ‹ያቺን ሴትዮ ካላየሁ አልነሣም› ብለው ወንበር ይዘዋል።»

«የቷን ሴትዮ?»

«ማሽን ነህ ያለችውን ነው የሚሉት።»

ወደዚህ ቢሮ ባለጉዳይ መጥቶ አያውቅም። አድራሻው እንኳ ሲስተሙ ከሚልከው የእገዳ መልእክት ግርጌ በቀር የትም አልተጻፈም። ደረጃውን ወረደች።

ወንበሩን የያዙት አሮጊት ጃንጥላቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋድመው፣ ጀርባቸውን አቅንተው ተቀምጠዋል። አጠገባቸው ዕድሜው አርባዎቹን የጀመረ ሰፊ ትከሻ ያለው ሰው ቆሟል። የሸሚዙ እጅጌ እስከ ክርኑ ተጠቅልሎ፣ ክንዱ ላይ ያለው ጠጉር በእንጨት ብናኝ ነጥቷል፤ የአውራ ጣቱ ጥፍር መዶሻ ያገኘው መሆኑ ያስታውቃል።

«አንቺ ነሽ?» አሉ አሮጊቷ ሳይነሡ።

«አዎ እማማ። ምን ልታዘዝ?»

«ይህን ልጅ አሥራ ስምንት ሰዓት አምጬ ነው የወለድኩት። ያን ሁሉ ያማጥኩት ለማሽን ከሆነ ንገሪኝና ልወቀው።»

ሰውየው የእናቱን ትከሻ በጣቱ ነካ አደረገ። ከዚያ እጆቹን ወደ ደረቱ ከፍ አድርጎ መናገር ጀመረ። ጣቶቹ ይከፈታሉ፣ ይታጠፋሉ፣ አንዱ መዳፍ ሌላውን ይመታል፤ ቅንድቡ፣ ጉንጩ፣ ትከሻው ሁሉ አብሮ ይናገራል።  ከአፉ አንዲት ቃል ሳይወጣ ኦፕሬተሯ ሁሉ ነገር ገባት።

«‹ትናንት ጠዋት ስልኬ ኪሴ ውስጥ ተንቀጠቀጠ› ይላል» አሉ እናትየው። «‹አነሣሁት። የሰው ፊት ይመጣል ብዬ ስክሪኑን አየሁ። ሦስት ጊዜ ጠበቅሁ፤ አልመጣም። ከዚያ ይህ መልእክት መጣ› ይላል። ደግሞም፣ ሥራ የፈታሽ ሴት ነሽ ይላል።»

ሰውየው ከንፈራቸውን ሲያነብ ቆይቶ ራሱን በኃይል ነቀነቀ። ከጆሮው ላይ እርሳሱን አውርዶ በያዘው ወረቀት ጀርባ ጻፈና ለኦፕሬተሯ አሳያት። «መጨረሻ እናቴ ጨምራ።»

«ታዲያ በልብህ ያሰብከውን አይደል!» አሉ እናትየው፣ በአፋቸውም በእጃቸውም።

ኦፕሬተሯ ሳቋ አመለጣት፤ ወዲያው ደግሞ በመሳቋ አፈረች። ሰውየው ወረቀቱን ገለበጠው። የታተመ መልእክት ነው፤ እሷ ቀዩን ቁልፍ በተጫነች ቁጥር ሲስተሙ በራሱ የሚልከው። «አካውንትዎ የሰው መሆኑ ስላልተረጋገጠ ታግዷል።» ሰውየው መስመሩ ላይ ጣቱን አሳርፎ በአንድ እጁ ብቻ፣ ቀስ ብሎ ተናገረ። እናትየው ቶሎ አልተረጎሙም። 

«‹በልጅነቴ መንገድ ላይ ሰው ብዙ ነገር ይለኝ ነበር› ይላል። ‹እናቴ እየሰማች አትተረጉምልኝም ነበር። ይህን ግን ራሴ አነበብኩት።›»

የእንግዳ መቀበያዋ ልጅ ዓይኗን ወደ መስኮቱ መለሰች።

ቁጭ ብለው ጉዳዩን በቅደም ተከተል አስረዷት። ሰውየው አናጢ ነው፤ ሁለተኛው የሙያ ማሠልጠኛም መስማት ለተሳናቸው የተቋቋመ ነው፤ እዚያው ተምሮ አሁን የእንጨት ሥራ ያስተምራል። ቦርዱ አስተያየት ሲጠይቅ የድሮና የአሁን ሠልጣኞች በሁለት ቅዳሜ ወርክሾፑ ውስጥ ተሰብስበው፣ በትምህርት ቤቱ ኢንተርኔት፣ አንዱ ሌላውን እያሳየ አካውንት ከፈቱ። አማርኛን የተማሩት በዓይናቸው ነው፤ ስለዚህ በእጃቸው እንደሚያወሩት አድርገው ይጽፉታል። ዛሬም ከማለዳ ጀምሮ እዚያው ተሰብስበው ይጠብቃሉ። ይህ ነው ነገሩ ሁሉ።

ኦፕሬተሯን አንድ ነገር ከውስጥ ይወጋት ነበር። አለመስማቷ ቢሆን ይቀላት ነበር። ሰምታለች። መላጊያውን ሰምታለች፣ ትንፋሹን ሰምታለች፤ ትናንት በአንዱ መስመር የልብስ ስፌት መኪና፣ በሌላው ደግሞ ከሆድ የሚወጣ፣ ልጓም የሌለው ሳቅ ሰምታለች። ጆሮዋ ሰው ነው ብሎ ነግሯታል። እሷ ግን የገዛ ጆሮዋን ትታ ደንቡን አመነች።

«እዚሁ ጠብቁኝ» አለች። «እማማ፣ ሻይ ያምጡልዎት።»

«ሻይ ልጠጣ አይደለም የመጣሁት» አሉ አሮጊቷ፤ የመጣላቸውን ግን ጠጡት።

የክፍሉ ኃላፊ ከእሷ በሃያ ዓመት የሚያንስ፣ ሥራውን በዚያው ከእሷ አጠገብ ተቀምጦ የተማረ ወጣት ነው። እስክትጨርስ ሳያቋርጥ ሰማት። ከዚያ ብዕሩን ጠረጴዛው ላይ አጋደመ።

«ይግባኝ ይጻፉ፤ እኔ እፈርምበታለሁ» አለ። «ግን ሰባት የሥራ ቀን ይፈጃል። ያውቁታል እትዬ፤ ደንቡን ያስተማሩን እርስዎ ነዎት።»

«አሥር ሰዓት ላይ ይወሰናል እኮ ነው የምልህ።»

«ታዲያ ምን ላድርግ?»

«በአካል የማረጋገጫ ቅጹን ስጠኝ።»

ወጣቱ መጀመሪያ አልገባውም። ቅጹ በመመሪያው መጨረሻ ገጽ ላይ ያለ፣ ቢሮው ከተከፈተ ጀምሮ ማንም ያልሞላው ነው። አንድ ሠራተኛ ሄዶ ሰውየውን በአካል፣ መምጣት ካልቻለም በቪዲዮ አይቶ፣ ከስሩ በስሙ እንዲፈርምበት ያዛል። ኃላፊው ኮምፒውተሩ ላይ ፈልጎ አወጣውና አነበበው፤ ደግሞ አነበበው።

«ከተፈረመላቸው አንዱ ሐሰተኛ ሆኖ ቢገኝ ተጠያቂው ፈራሚው ነው ይላል። እትዬ፣ ሥራዎን እኮ ነው።»

«አንዱንም ሳላይ አልፈርምም።»

«ሁለት መቶ አሥራ አራት ሰው? ቦርዱ ዝርዝሩን የሚዘጋው ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነው። አሁን አምስት ሊሆን ነው።» ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ደግሞ ያስቡት፤ የእርስዎ ውሳኔ እስከ ዛሬ በማንም ተሽሮ አያውቅም።»

«በማንም አይሻርም» አለች ኦፕሬተሯ። «እኔው እሽረዋለሁ።»

ኃላፊው ወደ ኮምፒውተሩ ዞሮ ቁልፍ ተጫነ። ከዚያ ማተሚያው ማጉረምረም ጀመረ።

ወርክሾፑ ጣሪያው ከፍ ያለ፣ የሙጫና የትኩስ እንጨት ሽታ የሚያውደው አዳራሽ ነው። የሥራ ጠረጴዛዎቹ ተገፍተው በሰልፍ ቆመዋል። ከዳር እስከ ዳር ሰው ሞልቷል፤ እንዲህ ያለ የሰው ብዛት አይታ እንዲህ ያለ ጸጥታ ሰምታ አታውቅም። ኋላ ላይ ስታስተውለው ጸጥታም አልነበረም። ወንበር ይንቋቋል፣ ጫማ ይጎተታል፣ አንዱ ጓደኛው ዞር እንዲል ወለሉን በተረከዙ ይደልቃል። አየሩ ግን በእጅ ተሞልቷል። አምስት ስድስት ክርክር ባንድ ጊዜ፣ ከአዳራሹ ወዲህና ወዲያ ማዶ ለማዶ ይካሄዳል።

አናጢው የመብራቱን ማብሪያ ሁለት ጊዜ አጠፋና አበራ። ሁለት መቶ ራስ ባንዴ ዞረ። እናቱን ክንዳቸውን ይዞ ወንበር ላይ አቆማቸው።

ኦፕሬተሯ የምትለውን በመንገድ ላይ አሰናድታው ነበር፤ አሁን ከአእምሮዋ ጠፋ።

«ማሽን ናችሁ ያልኳችሁ እኔ ነኝ» አለች። «ላያችሁ ነው የመጣሁት።»

የአሮጊቷ እጆች ይህን ተናገሩ።  ከዚያ ከፊት መስመር ሽበት የወረሰው አንድ ብረት በያጅ ወጣና ክንዱን አጣጥፎ ፊቷ ቆመ። በእጁ አጭር ነገር ተናገረ።

«‹አንቺስ?› ይላል» አሉ እናትየው፣ ደስታቸውን መደበቅ አቅቷቸው። «‹አንቺ ሰው ለመሆንሽ ምን ማስረጃ አለሽ?›»

የመሥሪያ ቤት መታወቂያዋን አወጣች። በያጁ አየውና ትከሻውን ነቀነቀ፤ ወረቀት ማንም ያትማል ማለቱ ነው። ያቺ በሃያ ሁለት ዓመት የተገራች፣ ስንቱን ያረጋጋች ድምፅ እዚህ ምንም አትፈይድም። በያጁ አራት ቁጥሮችን በጣቶቹ እየቆጠረ አሳያትና እጁን ወደ እሷ ዘረጋ፤ ድገሚ። እሷም ሞከረች። የመጀመሪያዋን አገኘች፤ ሁለተኛዋን አገኘች፤ ሦስተኛዋ ላይ ጣቶቿ ተወሳሰቡባትና ምን እንዳለች ባታውቅም አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። እግር ወለሉን ይደበድባል፤ ሳቁ በጫማዋ ሶል በኩል ወደ ጉልበቷ ሲወጣ ተሰማት። በያጁ ጣቶቿን በሻካራ እጁ ይዞ አንድ በአንድ አስተካከለላት። አራተኛዋን ራሷ አደረገችው። ያኔ ስልኩን አውጥቶ ሰጣት፤ መጀመሪያ የተረጋገጠው እሱ ሆነ።

ከዚያ በኋላ ሥራ ነው። ጠረጴዛ ተሰጣት። መታወቂያ ታያለች፣ ፊት ታያለች፣ በስልኳ ቁጥር ትልካለች፤ ከፊቷ የቆመው ሰው ስልኩ ላይ የመጣለትን አራት ቁጥር በጣቱ ያሳያታል፤ ምልክት ታደርጋለች። ስም ስትጠራ ግን ነገሩ ይጓተት ነበር። እናትየው በወረቀቱ ላይ ያለውን ስም ፊደል በፊደል በጣታቸው ሲጽፉት አዳራሹ እርስ በርሱ ይተያያል፤ ከዚያ አንዱ ያውቀውና የሆነ ምልክት ያሳያል፤ ሁሉም «አሃ!» በሚል ፊት ወደ አንድ ሰው ይዞራሉ።

«የወረቀቱ ስም ለመሥሪያ ቤት ነው» አሉ አሮጊቷ። «እነሱ እርስ በርሳቸው ያወጡት ስም አላቸው። ያ በያጅ ‹ሁለቴ› ነው፤ በር ሲያንኳኳ ሁልጊዜ ሁለቴ ስለሆነ። የሚሰማለት በሌለበት ቤት ማንኳኳቱ ነው ያሣቃቸው። ያቺ ቀይ ሹራብ የለበሰችው ‹ስርጉዷ› ናት። የኔው ‹ሩብ ጉዳይ› ነው፤ መቼም በሰዓቱ ደርሶ አያውቅም።»

ኦፕሬተሯ ከዝርዝሩ ዳር በእርሳስ ትጽፋቸው ጀመር። ሁለቴ። ስርጉዷ። ሩብ ጉዳይ። ቅጹ አይጠይቅም፤ ግን ጻፈችው።

አርባኛው ሰው ላይ ስትደርስ ለቁጥር ወደ እናትየው መመልከት ተወች። ሰማንያኛው ላይ «አመሰግናለሁ»ን እና «ቀጥል»ን ራሷ በእጇ ትል ነበር። አንድ አባት ሕፃን ልጁን ደረቱ ላይ በጨርቅ አስሮ ተራውን ሲጠብቅ ሕፃኑ ማልቀስ ጀመረ፤ እሷ ቀና ብላ ልትጠቁመው ስትል አባትየው ቀድሞ አቀፈው። ልቅሶውን በደረቱ አግኝቶታል። የልብስ ስፌቷ ስርጉዷ ቁጥሩን ካሳየች በኋላ አልሄደችም፤ የኦፕሬተሯን ኮት እጅጌ ገልብጣ ስፌቱን መረመረችና አፍንጫዋን ነፋች። ለዚህ ትርጉም አላስፈለገም።

ስምንት ሰዓት ካለፈ በኋላ ሦስት ስሞች ብቻ ቀሩ። አንዷ ትናንት ሴት ልጅ ወልዳ አልጋ ላይ ናት። ደወሉላት፤ በዚህ ጊዜ በቪዲዮ። ትራሷን ተደግፋ፣ የደከመ ፊቷ እየፈካ አራቱን ቁጥር አሳየችና ካሜራውን ወደ ሕፃኗ አዞረች፤ ይህችንም መዝግቢልኝ የምትል ትመስላለች። ሁለተኛው የመጋዘን ዘበኛ ነው፤ ከበሩ መነሣት አይችልም፤ የደንብ ልብሱን አስተካክሎ፣ ቀጥ ብሎ ቆሞ ታየ። ሦስተኛውን የሚያውቀው ጠፋ። ስሙን በጣት ጻፉት፣ ፎቶውን ከእጅ ወደ እጅ አዞሩት። ራሶች ተነቀነቁ። እሱም በዚያው በትምህርት ቤቱ መስመር ነው አካውንቱን የከፈተው፤ ከዚያ ወዲያ ግን የሚያነሣ የለም።

ሰዓቱ ስምንት ከሠላሳ አምስት ይላል።

«አንድ ነው» አሉ እናትየው ጎንበስ ብለው። «ሁለት መቶ አሥራ ሦስቱ ሰው ከሆኑ እሱ ምን ሊሆን ነው? ፈርሚና ይሙላልን።»

ኦፕሬተሯ ብዕሩን እንደያዘች ቀረች። አንድ ምልክት ናት። ማንም አይጠይቃትም ይሆናል። ያን ቀይ ቁልፍ መቶ ሠላሳ አንድ ጊዜ ስትጫን እንዲህ አላመነታችም፤ ለመዝጋት ያልከበዳት እጅ ለመክፈት ሲሆን ከበዳት። ቀና ስትል አናጢው እያያት ነው። እናቱ ያሉትን ከከንፈራቸው አንብቦታል። እጆቹን አነሣ፤ ወደ እሷ ሳይሆን ወደ እናቱ።

አሮጊቷ ፊታቸው ቀላ። ተከራከሩት፤ አልበገር አለ። በመጨረሻ ቃሉን እንዳለ ተረጎሙት፤ በዚህ ጊዜ ምንም አልጨመሩበትም።

«‹ያላየችው ላይ ከፈረመች እኛን ማየቷን ማን ያምናታል?› ይላል።»

ሁለት መቶ አሥራ አራተኛውን መስመር ባዶ ተወችው። ወደ ቅጹ ግርጌ ወረደች። የታተመው ዓረፍተ ነገር አጭር ነበር፤ ከላይ የተዘረዘሩትን ሰዎች በዓይኔ አይቻለሁ። ከስሩ ሙሉ ስሟን ጻፈች፤ ማንም የማይጠራትን ስም፣ የአባቷንም የአያቷንም ሳታሳጥር። ፈረመች። ቅጹን በስልኳ ፎቶ አንሥታ ወደ ቢሮ ላከችው።

መጠበቅ እንዲህ ረዝሞባት አያውቅም። አዳራሹም እጁን አሳርፎ ነበር። ሁሉም ስልኩን አውጥቶ በረጅሙ የእንጨት ጠረጴዛ ላይ፣ ከፊቱ አስቀምጧል፤ መዳፉንም አጠገቡ። ዘጠኝ ሰዓት ሊሞላ ስድስት ደቂቃ ሲቀረው አንዱ ስልክ ተንቀጠቀጠ። ቀጥሎ ሌላው። ከዚያ ጠረጴዛው ባንድ ላይ ማጉረምረም ጀመረ፤ ብሎኖች ዘለሉ፣ የእንጨት ፍቅፋቂ ከዳር ወደ ወለሉ ፈሰሰ። ኦፕሬተሯ ድምፁን በጆሮዋ ሰማችው፤ እነሱ በመዳፋቸው፣ በክርናቸው፣ በሆዳቸው ሰሙት። እጆች ሁሉ ወደ ጣሪያው ወጥተው መወዛወዝ ጀመሩ። ማጨብጨባቸው መሆኑን የነገራት አልነበረም። ለማን እንደሆነ ግን ቶሎ አልገባትም፤ ሁሉም ወደ እሷ ዞረው እንደነበር ያየችው እናትየው በክርናቸው ሲጎሽሟት ነው።

ኃላፊው ደወለ።

«እትዬ፣ አልፏል። ቦርዱ ቁጥሩን ተቀብሏል፤ ሁለት መቶ አሥራ ሦስት።» ቀጥሎም ጠየቀ። «አንዱስ?»

«አላየሁትም።»

«እሺ» አለ። ቆይቶ ደግሞ፣ «ከነገ ጀምሮ ሦስቱን ጥሪ እንዴት እንደምናደርገው ያስተምሩናል» አለ።

«ለዚያ የሚሆን መምህር አግኝቻለሁ» አለች፤ «ሰዓት አያከብርም እንጂ።»

ቦርዱ የሚሰበሰብበት ሕንጻ ከማሠልጠኛው ስድስት መንገድ ማዶ ነው። ሁሉም ተነሡ። አዳራሹ ውስጥ ሆነው የስብሰባውን ውጤት በስልክ መጠበቅ ይችሉ ነበር፤ ግን ማንም እንዲያ ያለ የለም። ስርጉዷ የኦፕሬተሯን ክንድ ያዘች። የምትሄድ መሆኗን የጠየቃት አልነበረም።

ደረጃው ላይ ከኋላዋ ጠንካራ ክርክር ተነሣ። በያጁ አንድ ምልክት ያሳያል፤ ሌላው እጁን ይመታበትና የራሱን ያቀርባል፤ አንዲት ልጅ ሁለቱንም ገፍታ ሦስተኛ ታመጣለች።

«ምን ሆነው ነው?» አለች ኦፕሬተሯ።

«ስም እያወጡልሽ ነው» አሉ እናትየው። «አልተስማሙም።»

«ምን ምን አሉ?»

«አንዱን ብነግርሽ ትቀየሚኛለሽ። ሁለተኛው ግን ያምራል።» ሊነግሯት አልፈለጉም።

መንገዱን ከዳር እስከ ዳር ሞሉት። ቦርዱ ምን እንደሚወስን በዚያ ሰዓት የሚያውቅ አልነበረም። አናጢው ከፊት፣ አንገቱን አቅንቶ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳይሆን አይቀርም፣ በሰዓቱ ይራመዳል። ከሱቆቹ በር ላይ ሰዎች እየወጡ ያያሉ። እጆች ከዚህ ጥግ እስከዚያ ጥግ ያወራሉ፣ ይቀልዳሉ፣ ስለ ስም ይጨቃጨቃሉ።

ከኋላ አንድ መኪና ጡሩንባ ነፋ። አንዴ፣ ከዚያ ደጋግሞ፣ ከዚያ ሳያቋርጥ። ማንም እርምጃውን አልቀየረም። ኦፕሬተሯ ሰማችው፤ ሹፌሩ መስኮቱን አውርዶ የሚለውንም ቃል በቃል ሰማች። የስርጉዷን ክንድ አጠበቀች። ዞር አላለችም፤ ከመንገዱም አልወጣችም።